ዳለቻ ወይስ አመድማ

ስሙን የማልነግራችሁ አንድ አገር ነበር። ረስቼው አይደለም። ስሙን ብጠራላችሁ «እንግዲያው እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ ትነሣላችሁ። ስለዚህ አገሩ ስም የለሽ ይሁን፤ ሰዎቹ ግን ስም አላቸው።

በዚያ አገር ሰው ከሰው ሲገናኝ እንደምን ዋልክ ከማለቱ በፊት «ግድግዳህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የውጭውን ግድግዳ ማለቱ አይደለም። የውጭውማ የሁሉም ቤት ጭቃ ነው፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ትሰነጥቀዋለች። የሚጠየቀው የውስጡ ነው። የውስጥ ግድግዳ ደግሞ በሕግ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ዳለቻና አመድማ። ነጭ ለቤተ መንግሥት ተለይቷል፣ ጥቁር ለመቃብር ቤት፤ ቀይና ቢጫ «ልብ ያሸፍታል» ተብሎ ተከልክሏል። የቀረው ሰው ሁሉ ወይ ዳለቻ ነው ወይ አመድማ ነው።

ከየቤቱ በር በላይ አንዲት ሰሌዳ ትሰቀላለች። በሰሌዳዋ ላይ «ዳ» ወይም «አ» ይጻፍባታል። «ዳ» ቤት ያደገ ሰው «አ» ቤት አይገባም፤ ያኛውም እንዲሁ። በገበያ ይገናኛሉ፣ በወንዝ ይገናኛሉ፣ በሬ ይዋዋሳሉ፣ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌዎች ሲጠየቁ «ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው» ይላሉ፤ አባቶቻቸውም በጊዜያቸው ተጠይቀው እንደዚያው ብለው ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ማንም የሌላውን ቤት ገብቶ ስለማያይ፣ ዳለቻ አመድማን አይቶት አያውቅም፤ አመድማም ዳለቻን። ስላላዩት ነገር ግን ብዙ ያወሩ ነበር። «ዳለቻ ቤት ያደገ ቃሉ አይጸናም፤ ቀለሙ ራሱ ይዋልላል፣ ልጆቹ ከማን ይማሩ?» ይላሉ አመድማዎች። «አመድማ ቤት ያደገ ሆዱ አይገኝም፤ አመድ ሥር ምን እንደተዳፈነ ማን ያውቃል?» ይላሉ ዳለቻዎች። ዝናብ ቢጠፋ፣ ድልድይ ቢፈርስ፣ ከብት ቢታመም፣ ጥፋቱ የዚያኛው ግድግዳ ነበር።

ታዲያ በዚህ አገር ይታየው የሚባል አናጢ ነበር፤ የዳለቻ ልጅ። አናጢ ከወገኑ ውጭ ለሆነ ሰው በር ሲገጥም፣ በእሱና በቤቱ ውስጥ መካከል መጋረጃ ይጋረዳል። አንድ ቀን የወይዘሮ ይርገዱን በር ሊገጥም ሄደ። ወይዘሮ ይርገዱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ ፈትለው የሚያድሩ አመድማ ናቸው። መጋረጃው ተጋረደ። ይታየው ከውጭ ሆኖ በሩን አንሥቶ ማጠፊያውን ሊመታ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ መጣ።

«ግራ ጎኑ ወርዷል።»

«አልወረደም፤ ለክቼ ነው የሠራሁት።»

«የለካኸው ከውጭ ነው። እኔ ካለሁበት ወርዷል።»

ይታየው ሳቀና ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። «አሁንስ?»

«አሁን ቀና።»

የውብዳር ትባላለች፤ የወይዘሮ ይርገዱ አንድያ ልጅ ናት። በግማሽ ቀን የሚያልቀው በር ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ይርገዱ «ልጄ፣ የምትሠራልኝ በር ነው ወይስ መርከብ?» ብለው ጠየቁ። በሩም ተገጠመ፤ ሁለቱም በዚያው ተዋደዱ፤ ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ።

መጋባት አልተከለከለም። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ዳለቻና አመድማ ቢጋቡ አዲሱ ቤት አንድ ዓመት ባዶ ጭቃ ሆኖ ይቆያል፤ ሰሌዳውም ባዶ ይሆናል። በዚያ ዓመት ከባልና ሚስቱ በቀር ማንም አይገባበትም። ዓመቱ ሲሞላ ተማክረው አንዱን ቀለም ይመርጣሉ፤ ሊቀ ግድግዳ የሚባለው የንጉሥ ሹም መጥቶ ያያል፤ ሰሌዳው ይጻፋል። ቀለሙ ያልተመረጠለት «ተሻጋሪ» ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ የእናቱን ደጃፍ አይረግጥም፣ እናቱም የእሱን። የሚወለደው ልጅም የሰሌዳው ነው።

ዓመቱ እየተገባደደ ሲመጣ የየውብዳር ሆድ ገፋ።

ሁለቱ እናቶች በየተራ እየመጡ ግቢው ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ ወደ ቤት አይገቡም። የይታየው እናት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዘጠኝ የወለዱ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸውን እንጨት ሲልግ አግኝተው፣

«የምትመርጠውን አልነግርህም» አሉት። «ዘጠኝ ወልጄ አሳድጌአለሁ። ብቻ የልጅህን የመጀመሪያ ለቅሶ ከአጥር ውጭ ቆሜ እንዳልሰማው።»

ወይዘሮ ይርገዱ ደግሞ ብዙ አይናገሩም። እንዝርታቸውን እያሾሩ ቆይተው ለልጃቸው፣

«እኔ የወለድኩት አንድ ነው፤ አንቺን» አሏት። «ስትወልጂ እጅሽን የሚይዘው ሌላ ሰው ከሆነ፣ እኔ ምኑን ወለድኩ?»

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የውብዳር ባሏን ከዚያ በፊት ጠይቃው የማታውቀውን ነገር ጠየቀችው።

«ይታየው፣ የእናንተ ግድግዳ ምን ይመስላል?»

መላጊያውን አስቀመጠ። «ዳለቻ ነዋ።»

«ዳለቻ ምን ይመስላል?»

አሰበ። «ደመና ይመስላል። ሊዘንብ ያሰበ፣ ግን ገና ያልቆረጠ ደመና።»

«የእኛም እንደሱ ነው።»

«እንደሱ ሊሆን አይችልም። የእናንተ አመድማ ነው። እስቲ ሌላ ልንገርሽ፤ ርግብ አይተሻል? ጀርባዋን ሳይሆን የክንፏን ሥር።»

«የእኛ የአህያ ሆድ ነው» አለች የውብዳር። «የአህያን ሆድ ከርግብ ክንፍ ሥር ማን ይለየዋል?»

ተያዩ። ሰው አብሮት የኖረውን ነገር ሲጠየቅ ቃል ማጣቱ ያስገርማል። ሁለቱም በዚያው ሳምንት ወደየእናታቸው ቤት ሄደው፣ ከምሰሶ ጀርባ ጥፍር የምታህል የልስን ቅርፊት ፈልቅቀው በነጠላና በኪስ ደብቀው መጡ። ይህ በዚያ አገር «ግድግዳ ማውጣት» ይባላል። የተያዘ ሰው ዓመት ሙሉ በቤቱ ላይ በር እንዳይኖር ይፈረድበታል፤ በሩን ነቅለው ይወስዱበታል።

እኩለ ቀን ላይ ሁለቱን ቅርፊቶች ግቢ ውስጥ በሳንቃ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«አለ!» አለ ይታየው። «የውብዳር፣ ልዩነት አለ!»

ነበረ። የነበረን ነገር አልነበረም ብዬ አልዋሻችሁም። አንደኛው በጣም በጥቂቱ ወደ ወተት ያደላል፤ ሌላው በጣም በጥቂቱ ወደ ጭስ። የውብዳርም አየችው። ደስ አላቸው። አዎ ልዩነት አለ፤ ግን ሰው እናቱን ከደጃፍ የሚመልሰው ለዚህ ነው?

እንደዚህ ሲያስቡ የጎረቤት ዶሮ መጣች። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ልስን ትወዳለች። «እሽ!» እስኪሏት ድረስ አንደኛውን ቅርፊት ጎርሳ፣ ሌላውን በእግሯ አፈር ላይ ጣለችው።

ይታየው ቅርፊቱን አንሥቶ አቧራውን እፍ አለ። «የተበላው የእናንተ ነው።»

«የእናንተ ነው እንጂ የተበላው! ይህ የእማዬ ነው፤ አየው፣ ወደ ጭስ ያደላል።»

«ወደ ጭስ የሚያደላው የእኛ አልነበረም?»

ብቻውን ሲታይ ወደ ምንም አያደላም ነበር። ወደ ጥላ ወሰዱት፣ ወደ ፀሐይ መለሱት። እስከ ዛሬም ዶሮዋ የማንን ግድግዳ እንደበላች አልታወቀም።

በማግሥቱ ወደ ቀለም ግምጃ ቤት ሄዱ። ግምጃ ቤቱ ሁለት መስኮት አለው፤ በሁለቱም ሹም ተቀምጧል፤ ሹሞቹ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። የቀለሙ አፈር በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠው፤ ማንም መንገድ ላይ አይፈታውም። የውብዳር ወደ አንደኛው መስኮት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ሁለቱን ቀለም አይተን መምረጥ ፈልገን ነበር።»

«ማየት የሚፈቀደው ለመረጠ ሰው ነው» አለ ሹሙ።

«ከመረጥን በኋላ ሁለቱንም እናያለን ማለት ነው?»

«ከመረጣችሁ በኋላ የመረጣችሁትን ታያላችሁ። ሌላው ምን ያደርግላችኋል?»

«ሳናይ በምን እንምረጥ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ነዋ፤ በአባታችሁ።»

«የእሱ አባት ዳለቻ ነው፤ የእኔ አባት አመድማ።»

ሹሙ መጽሐፉን ገለጠ። ብዙ ቅጠል አገላበጠ፤ ጣቱን እየላሰ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ በመጨረሻ «ይህን ጉዳይ የሚመለከት መስኮት የለም» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

ግን በዚያ አገር ማንኛውም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ለእናቱ ቤት ማደሻ የሚሆን አንድ ጥቅል አፈር ከወገኑ መስኮት የመውሰድ መብት አለው። ይታየው በዳለቻው መስኮት አንድ ጥቅል ወሰደ፤ የውብዳር በአመድማው አንድ ጥቅል። ቤታቸው ገብተው በሁለት እንስራ ዘፈዘፉት። ይታየው ከበሩ በስተቀኝ ጀመረ፤ የውብዳር ሆዷን ደግፋ ከበሩ በስተግራ። እሱ በእናቱ ቀለም፣ እሷ በእናቷ ቀለም እየለሰኑ፣ ዙሪያውን ሄደው በጓሮ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ እጅ ለእጅ ተገናኙ።

ሦስት ቀን ደረቀ። በአራተኛው ቀን ድንበሩን ፈለጉት።

«እዚህ ጋ አይደል የተገናኘነው?» አለ ይታየው።

«ወደዚህ ነው። ክርኔ እዚህ ጋ ደርሶ ነበር።»

የውብዳር መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ከዳር እስከ ዳር ሄደች፤ ዓይኗን ጨፍና ሞከረች፣ ገልጣ ሞከረች። በሩ አጠገብ ቀኙ የእሱ፣ ግራው የእሷ መሆኑን ያውቃሉ፤ የሠሩት እነሱ ናቸውና። መካከል ላይ ግን ድንበሩ የለም።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ሊቀ ግድግዳ ጓንጉል በጥላ ተጋርደው፣ የጽሕፈት ቀለም ቀንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በዚህ ሹመት ቆይተዋል። ሊቀ ግድግዳ ቤት የሚገባው የኋሊት ነው፤ ግድግዳው ዓይኑን እንዳይደልለው። የኋሊት ገብቶ ፊቱን ወደ በሩ እንዳዞረ «የአባትህ ግድግዳ ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ፊቱን እንዳዞረ ይወጣል። አራት ሺህ ቤት መርምረዋል ይባልላቸው ነበር። አንዱንም አላዩም።

በምርመራ ቀን ማንም ግቢ ስለማይገባ ሰው አጥሩን ከብቦ ቆሟል። ወይዘሮ ይርገዱ ከአጥሩ ውጭ በአንደኛው ጎን፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሌላው ጎን ቆመዋል። ሊቀ ግድግዳው የኋሊት ገቡ።

«የአባትህ ግድግዳ?»

«ዳለቻ» አለ ይታየው።

ብዕራቸውን አነሡ። «አፈሩን የወሰዳችሁት ከዳለቻ መስኮት ነዋ?»

«ከሁለቱም» አለች የውብዳር።

ብዕሩ አየር ላይ ቀረ። ሊቀ ግድግዳ ጓንጉል ሕጉን ከነቁጥሩ በቃላቸው ያውቁታል። ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አቅንተው በለሆሳስ ሲያነበንቡ ቆዩና፣ ፈዘዝ ብለው እንዲህ አሉ።

«ሁለት መስኮት በአንድ ቤት ከተገናኘ… ሊቀ ግድግዳው ዓይኑን ታጥቦ… ያያል።»

«እንግዲያው ይዩልን፣ አባቴ» አለች የውብዳር።

ውኃ ተሰጣቸው። ታጠቡ። ዞሩ።

በሰባት ዓመታቸው ከእናታቸው ቤት ተወስደው ቤተ መንግሥት ነው ያደጉት፤ በነጭ ግድግዳ መካከል። ከዚያ ወዲህ ቀለም ያለው ግድግዳ አላዩም። አሁን ቆመው አዩ። ቀስ ብለው ከበሩ በስተቀኝ ወዳለው ግድግዳ ሄዱና መዳፋቸውን አሳረፉበት።

«ይህ የእናቴ ቤት ነው» አሉ። «እናቴ እዚህ ጋ ቅል ትሰቅል ነበር። በጠዋት ብርሃን ሲገባ፣ የቅሉ ጥላ እንደ እርጉዝ ሴት ሆኖ ያርፍበታል።»

ጓንጉል በትውልዳቸው አመድማ መሆናቸውን አገር ያውቃል። መዳፋቸው ያረፈበትን ግን በዳለቻ የለሰነው ይታየው ነው። ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«ይህ አመድማ ነው፤ አይደል?» አሉ ሽማግሌው ዞር ብለው። ድምፃቸው የሹም ድምፅ አልነበረም።

«እኛማ እርስዎ ያውቃሉ ብለን ነበር የጠበቅንዎት» አለች የውብዳር።

ይህን ብላ ሳትጨርስ የበሩን መቃን ያዘች። ምጥ ነበር። ይታየው ደግፎ አልጋው ላይ አስቀመጣት። ሊቀ ግድግዳው ብዕራቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ማየት የጀመረ ሊቀ ግድግዳ አይቶ ሲጨርስ መጻፍ ግዴታው ነው። «አ» ቢጽፉ አንዲት እናት ከአጥር ውጭ ትቀራለች፤ «ዳ» ቢጽፉ ሌላዋ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች የውብዳር።

«ወዬ ልጄ!» አሉ ሁለቱ እናቶች ከአጥሩ ማዶ፣ እኩል።

ከብዕሩ አንድ ጠብታ ቀለም ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊቀ ግድግዳ ጓንጉል ጠብታውን አዩት። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት ሹመታቸው ሰው ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ተናገሩ።

«ስሙ! ሊቀ ግድግዳ እያየ ነው! ሊቀ ግድግዳ የሚያይበት ቤት የንጉሥ ችሎት ነው፤ በንጉሥ ችሎት ምስክር በሰሌዳ አይከለከልም! ሁለት ምስክር እፈልጋለሁ፤ ከዳለቻ አንድ፣ ከአመድማ አንድ!» ከዚያም ጨመሩ፤ «ሴቶች ይሁኑ። የወለዱ።»

አጥሩ ተከፈተ አልልም፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ገፍተው ጣሉት እንጂ። ሁለቱ እናቶች ገቡ። ይታየው ወጣ። ሊቀ ግድግዳው ደግሞ ችሎቱ እንዳይበተን ከቤቱ ሳይወጡ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸው ወደ ውስጥ፣ ፊታቸው ወደ ሕዝቡ። ሰው «ምን ተጻፈ?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር፣ ሜዳውን እየተመለከቱ «ገና እያየሁ ነው» ይላሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ተወለደች።

የኋላውን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ከቤተ መንግሥት መልእክተኛ መጣ፤ «ገና እያየሁ ነው» አሉት። በሦስተኛው ወር የማዕረግ ጥላቸው ተነሣባቸው፤ በስድስተኛው ሹመታቸው። አዲስ ሊቀ ግድግዳ ተሾመ፤ የኋሊት መግባት የሚያውቅ። ነገር ግን አንድ ሊቀ ግድግዳ የጀመረውን ማየት ሌላው አይጨርስለትም፤ ይህም ሕግ ነው። ስለዚህ ጓንጉል በየሳምንቱ እየመጡ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያዩ ነበር። በመጀመሪያ ለሕጉ ሲሉ ነበር፤ በኋላ ግን የቅርብ ሰዎች እንደሚሉት ግድግዳውን ትቶ መመለስ እየከበዳቸው ነው። አንዳንድ ሰው በድብቅ «የእኛም ግድግዳ ደብዝዟል፣ ቢያዩልን» እያለ ይጠራቸው ጀመር። ሌላው ተቆጣ። አንድ ጠዋት ባዶው ሰሌዳ ላይ በከሰል «ዳ» ተጽፎ ተገኘ፤ በሌላ ጠዋት «አ»። ይታየው በየጊዜው በመላጊያ ይልገው ነበር። ሰሌዳው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ብርሃን ያሳልፍ ነበር አሉ። የቀረው አገር ግን እንደነበረው ነው፤ ዛሬም ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንኑ ነው።

እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ግን ያንን የልደት ቀን ነው፤ ሕፃኗ ታጥባ ተጠቅልላ፣ የውብዳር ደክሟት እንቅልፍ ወስዷት ሳለ። ሁለቱ እናቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠዋል። ሕፃኗ በወይዘሮ ይርገዱ እቅፍ ናት። ሁለቱም ዓይናቸው በስርቆት ወደ ግድግዳው ይሄዳል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ያን ትልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እትዬ ይርገዱ» አሉ፣ «ቅር እንዳይልዎት እንጂ… አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ይጠይቁኝ እቴ።»

«የእናንተ የትኛው ነው?»

ወይዘሮ ይርገዱ ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ቀኙን አዩ። ግራውን አዩ። የጓሮውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አዩ።

«እኔ ደግሞ» አሉ፣ «እርስዎን ልጠይቅ እያፈርኩ ነበር።»